የአንድ ቅጽል ሦስት ተቃራኒዎች፦ የእንግሊዝኛው «ኦልድ» እና የአማርኛ አቻዎቹ

ተቃራኒነት በቃላት መካከል ያለ ዝምድና ተደርጎ ቢታይም፣ ብዙ ፍቺ ባለው ቃል ሲፈተን የሚጸናው በየፍቺው ነው። ለዚህ የእንግሊዝኛው ቅጽል «ኦልድ» ጥሩ ማሳያ ነው። ቃሉ የሰውን ወይም የእንስሳን ዕድሜ ሲገልጽ ተቃራኒው «ያንግ»፣ የቤትን ወይም የልብስን ሲገልጽ ደግሞ «ኒው» ነው። አንድ ሰው ቀድሞ የተማረበትን ትምህርት ቤት ሲያመለክት ግን ሁለቱም አይስማሙም፤ ተቃራኒው «የአሁኑ» የሚለው ሐሳብ ይሆናል።

አማርኛ እነዚህን ፍቺዎች በቅጽል ይለያያቸዋል፦ ሽማግሌ ከወጣት፣ አሮጌ ከአዲስ፣ የቀድሞ ከአሁን ጋር ይነጻጸራል። «አረጀ» የሚለው ግሥ ግን ለሰውም ለዕቃም ስለሚያገለግል ልዩነቱን አያሳይም።

አሻሚነቱ ጎልቶ የሚወጣው ቅጽሉ «ወዳጅ» ከሚለው ስም ጋር ሲቀናጅ ነው። ሐረጉ በዕድሜ የገፋን ሰው ወይም ለረጅም ጊዜ የዘለቀን ወዳጅነት ሊያመለክት ይችላል። ለተቃራኒነት «ያንግ» የሚስማማ ከሆነ የተነገረው ስለ ሰውየው ዕድሜ ነው፤ «ኒው» የሚስማማ ከሆነ ስለ ወዳጅነቱ ዕድሜ ነው። በሁለተኛው ፍቺ የ20 ዓመት ወጣትም «ኦልድ» ወዳጅ ይባላል። ተገቢው አቻ «የቆየ ወዳጅ» ነው፤ «አሮጌ» ቢባል ወዳጁን ከአገልግሎት የወጣ ዕቃ ያስመስለዋል።

በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ዎርድኔት የቃሉን ተቃራኒዎች በየፍቺው ለይቶ ይመዘግባል። የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላትም ከእያንዳንዱ ፍቺ ጎን ተቃራኒውን ቢያሰፍር፣ ተርጓሚው አቻ ከመምረጡ በፊት የትኛው ፍቺ እንደታሰበ የሚለይበት መፈተኛ ያገኛል።