ደረሰኝ የሌለው መሬት

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ተራሮች መካከል ስለተቆረቆረች ለጥ ያለ መሬት ብርቋ ነው። ያንኑ ብርቅ መሬት ቤት ሠሪውም፣ ነጋዴውም፣ ትምህርት ቤቱም ይፈልገዋል። ኳስ ተጫዋቹ ልጅም ሌላ ምርጫ የለውም፤ ተዳፋት ላይ የተመታች ኳስ ታችኛው ሰፈር ድረስ ትወርዳለች።

ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ መሬቱ ሰፋ ይላል፤ ሻሚውም አብሮ ይበዛል። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በመጀመሪያው ምዕራፍ 75 ሄክታር ያዘ። አንድ ደረጃውን የጠበቀ የእግር ኳስ ሜዳ 105 ሜትር በ68 ሜትር ነው፤ አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላም። እዚያ ፓርክ ላይ ከ100 በላይ ሜዳ ይወጣ ነበር ማለት ነው። ፋብሪካ እንጀራ ነውና አልቃወመውም። ግን ይህን ያህል መሬት ማዘጋጀት ለቻለ ከተማ የአንድ ሰፈር ሜዳ ማቆየት ሊከብደው አይገባም።

ታዲያ ሜዳዎች ለምን ይጠፋሉ? ዋናው ምክንያት የሒሳብ አያያዛችን ይመስለኛል። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የከተማ መሬት በሊዝ ይተላለፋል። በጨረታ ሲወጣ ለከተማው ገንዘብ ያስገባል፤ ገንዘቡም በሪፖርት ላይ በቁጥር ይታያል። ሜዳው የሚሰጠው ግን ደረሰኝ የለውም። ማለዳ የሚሮጠው ወጣት፣ ማታ ነፋስ የሚቀበሉት አዛውንት፣ ሰው ሲሞት የሚተከለው ድንኳን በየትኛው መዝገብ ይገባሉ? ውሃውም አለ። ሣር ያለበት አፈር ዝናብን ይመጠዋል፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ግን ሁሉንም ወደ ቦይ ይለቁታል። የደሴ ጎርፍ ቦርከና ወንዝ ይገባል፤ ቦርከናም ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ላይ የታጠረ ሜዳ ዕዳው ታች ላሉት ይደርሳል።

ሜዳ በአንድ ቀን አይጠፋም። መጀመሪያ ገልባጭ መኪና ጥግ ላይ አሸዋ ይደፋል። “ለጥቂት ቀን ነው” ይባላል። ልጆቹ ጎል ያደረጓቸውን ሁለት ድንጋዮች አንስተው ወደ መሐል ያስጠጓቸዋል። ቀጥሎ ብሎኬት ይደረደራል፤ ከዚያ የቆርቆሮ አጥር ይዞራል። ሜዳው ሲጠብ ተጫዋቹ ይቀንሳል፤ ተጫዋቹ ሲቀንስ “ማንም አይጠቀምበትም” የሚለው ወሬ እውነት ይመስላል።

አዲስ አበባ ላይ ጃንሜዳን እናስታውስ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የፒያሳ አትክልት ተራ ወደዚያ ተዛውሮ ሜዳው ጭቃ በጭቃ ሆነ። ለ2013 ጥምቀት ግን ተጸድቶ ተመለሰ። ጃንሜዳ ታሪክ አለው፤ ታቦታት ያድሩበታል፤ ጠያቂ አያጣም። ስም የሌለው የሰፈር ሜዳ ግን ጊዜያዊ በተባለ ሥራ እንደተያዘ ሊቀር ይችላል።

ይህ ሽሚያ የእኛ ብቻ አይደለም። በለንደን የቤክንሃም ፕሌስ ፓርክ የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ በ2016 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ ጎልፍ ተጫዋቾችም ቅር ተሰኙ። መሬቱ ግን አልተሸነሸነም፤ ለሁሉም ክፍት መናፈሻ ሆነ፤ በ2019 የመዋኛ ሐይቅ ተከፈተበት። አጠቃቀሙ ተቀየረ እንጂ ከሕዝብ እጅ አልወጣም። እኛ ዘንድ ለመኖሪያ በሊዝ የተሰጠ ቦታ እስከ 99 ዓመት ይያዛል፤ ዛሬ የተሰጠውን የልጅ ልጆቻችንም አይረግጡትም።

በአገራችን የከተማ ፕላን መርህ ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ነው። ስለዚህ የሰፈር ሰው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ ይህ ሜዳ በፕላኑ ላይ ምን ተብሎ ተቀምጧል? ካርታስ ወጥቶለታል? የሚጠየቀውም አሸዋው በተደፋበት ሳምንት ነው። አጥሩ ከቆመ በኋላ ጉዳዩ የካሳና የፍርድ ቤት ይሆናል፤ ልጆቹም እስኪፈረድ ድረስ አድገው ያልቃሉ።