ከበድር የቀሩት ባል፦ የታመመች ሚስትን ስለ ማስታመም



በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ ሙስሊሞች ወደ በድር ሲዘምቱ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) አብረው አልወጡም። የቀሩት ፈርተው አይደለም። ባለቤታቸው፣ የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሩቅያ (ረ.ዐ)፣ በጽኑ ታመው ስለ ነበር መዲና ቀርተው እንዲያስታምሙ ያዘዟቸው ራሳቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነበሩ። ሩቅያ ነቢዩ ከበድር ከመመለሳቸው በፊት ወደ አኼራ ሄዱ። ለዑስማን ግን በድር ላይ ከተገኘ ሰው እኩል አጅርም፣ ከምርኮውም ድርሻ እንዳላቸው ተነገራቸው። ይህም በቡኻሪ የተዘገበ ነው።

በእኛ ዘንድ ግን ማስታመም የሴት ሥራ ተደርጎ ይታያል። ሚስት ስትታመም እናቷ ወይም እህቷ ትጠራለች፤ ባል የመድኃኒት ገንዘብ ከሰጠ ግዴታውን የፈጸመ ይመስለዋል። በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ የጡት ካንሰር በብዛት ቀዳሚውን ስፍራ የያዘ በመሆኑ፣ ይህ አመለካከት ስንት ቤት እንደሚጎዳ መገመት አያዳግትም። የባለቤቴ አንድ ጡት በዚሁ በሽታ ምክንያት በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። በመሆኑም ባል ምን ማድረግ እንዳለበት የተማርኩትን ለወንድሞቼ ላካፍል እወዳለሁ።

1ኛ. ከቀዶ ሕክምናው በፊት

በጡት ውስጥ የሚወጣ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ካንሰር የሆነው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ሰው የሚዘናጋውም በዚህ ነው። እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም የተቀላቀለበት ፈሳሽ፣ በብብት ሥር የሚዳሰስ እጢ፣ እነዚህ ሁሉ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ናቸው። እርግጡ የሚታወቀው በናሙና ምርመራ ነው።

ብዙ እህቶች ግን "ሩቅያ ይቀራልኝ፣ ጥቁር አዝሙድ ልሞክር" እያሉ ወራት ያልፋሉ። ቁርኣን ማስቀራትና ዱዓ ማድረግ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሕክምና ጋር እንጂ በሕክምና ፋንታ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳወረደ ነግረው ታከሙ ያሉን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። "ዛሬውኑ እንሂድ" ብሎ አብሮ መነሳት የባል ድርሻ ነው። በሐኪሙ ፊትም አብሯት ይቀመጥ። የሚወጣው ሙሉ ጡቱ ነው ወይስ ከፊሉ? የብብት እጢዎችስ ይነካሉ? ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት ሕክምና ይቀጥላል? ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፎ ይግባ፤ በዚያች ሰዓት እርሷ የምትሰማው ግማሹን ነውና። ይሁንና አካሉ የእርሷ ስለሆነ ወሳኟም እርሷ ናት።

2ኛ. ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብዙውን ጊዜ ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ ይተከላል። እኔ በየቀኑ ከሱብሒ ሶላት በኋላ የተጠራቀመውን እየደፋሁ ልኩን በደብተር እጽፍ ነበር፤ ሐኪሙ ቱቦውን የሚነቅልበትን ቀን የሚወስነው በዚሁ ልክ ነው። ፈሳሹ መጀመሪያ ቀላ ይልና እየዋለ እያደረ ወደ ቢጫ ይለወጣል። በድንገት ትኩስ ደም ከፈሰሰ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልግም።

የብብት እጢ የወጣላት ሴት በዚያ በኩል ያለው ክንዷ ሊያብጥ ይችላል፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ቢሆን። ሐኪም ያሳያትን የእጅ እንቅስቃሴ በየቀኑ ትሥራ። ቁስሉ እስኪጠግ ድረስ ግን ባልዲ ማንሳት፣ ቡኮ ማቡካት፣ ልብስ ማጠብ የእርሷ ሥራ አይሁን። ታዲያ ማን ይሥራው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበርና የሶላት ሰዓት ሲደርስ እንደሚወጡ ተናግረዋል። ከእርሳቸው የበለጠ ክብር ያለው ባል ማን ነው?

ለኬሞቴራፒ የታዘዘች እንደሆነ ፀጉሯ ሊረግፍ፣ ምግብ ሊያስጠላት፣ ጉልበቷ ሊዝል ይችላል። በዚህ ወቅት ሰውነቷ በሽታ የመከላከል አቅሙ ስለሚዳከም ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መውሰድ ግድ ነው። ቁስሉን ውኃ የሚጎዳው ከሆነም ሸሪዓችን በፋሻው ላይ ማበስንና ተየሙምን፣ ተቀምጦ መስገድን፣ ጾምን ወደ ሌላ ጊዜ ማስተላለፍን ፈቅዷል። ዝርዝሩን ዑለማዎችን መጠየቅ ነው።

3ኛ. ከሁሉ የሚከብደው

ባለቤቴ ፋሻው ሲፈታ የምታየው ቁስሏን ሳይሆን የእኔን ፊት ነበር። ሒጃብ የረገፈውን ፀጉር ከውጭ ሰው ይሸፍናል፤ በቤቷ ውስጥ ግን ያለችው ከባሏ ዓይን ፊት ነው። ዓይኑን ያሸሸ ባል አንድ ቃል ሳይናገር ይጎዳታል። ስታለቅስም "ሶብር አድርጊ" ብሎ ዝም ማሰኘት አይገባም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አንብተዋል፤ እንባ ሶብርን አያፈርስም።

"ሸሪዓው ይፈቅድልሃልና ሌላ አግባ" የሚሉ ዘመዶችም አይጠፉም፤ ለእኔም ይህን የመከረኝ ሰው ነበር። አላህ የፈቀደውን እርም ለማለት ማንም ሥልጣን የለውም። ነገር ግን ፈቃዱ ከፍትሕ ጋር የተሳሰረ መሆኑንና ፍትሕን ማጓደል የሚፈራ በአንዲት እንዲወሰን መታዘዙን ሱረቱ ኒሳእ ያስተምረናል። ቱቦ በጎኗ ተተክሎ የተኛችን ሴት ለሠርግ ትቶ መሄድ የትኛው ፍትሕ ነው? ቁርኣን ባልና ሚስትን አንዱ ለሌላው ልብስ እንደሆነ አድርጎ ገልጿቸዋል፤ በመካከላቸውም ፍቅርና እዝነት መደረጉን ነግሮናል። ፍቅሩ በጤናና በውበት ጊዜ ቀላል ነው። እዝነቱ የሚፈተነው በሕመም ጊዜ ነው።

4ኛ. የጀመዓው ድርሻ

አስታማሚም ይደክማልና ጀመዓው ሊያግዘው ይገባል። የሞቱ ሰዎችን ታሪክ እያነሱ ታማሚዋን ከማስጨነቅ፣ አጭር ቆይቶና ምግብ አድርሶ መመለስ የተሻለ ዚያራ ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር። ዛሬ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ቢጀመርም፣ ከሩቅ መጥተው ለሳምንታት ማረፊያ የሚቸገሩ እህቶች አሁንም አሉ። የመስጊድ ጀመዓዎችና እድሮች ማረፊያና የትራንስፖርት ወጪ ቢያሰናዱላቸው፣ ኢማሞችም በጁሙዓ ኹጥባ ስለ ማስታመም ቢያስተምሩ ትልቅ ኸይር ሥራ ነው።

ወንድሜ ሆይ! ሚስትህ አማና ናት። ዑስማን (ረ.ዐ) በታማሚዋ አጠገብ ተቀምጠው የበድርን አጅር አግኝተዋል። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋእን፣ ለሚያስታምሙትም ብርታትን ይስጥ። አሚን።

ወላሁ አዕለም።