የምንጸልያቸውን ቃላት እንወቃቸው



ብዙዎቻችን ውዳሴ ማርያምን አጥንተን የየዕለቱን ክፍል በቃላችን እንወጣዋለን። ነገር ግን «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ተብለን ብንጠየቅ ስንቶቻችን እንመልሳለን? ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በአንደኛው መልእክት ምዕራፍ 14 በመንፈስ ብቻ ሳይሆን በአእምሮም መጸለይ እንደሚገባ ያስተምረናል። ስለዚህ ዛሬ ጥቂት ቃላትን እንመርምር።

ውዳሴ ማርያም በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት የቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ድርሰት ሲሆን በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ ይጸለያል። ስናነበው የሚያስቸግረን ፈጽሞ የማናውቀው ቃል ብቻ አይደለም። ይበልጥ የሚያሳስተን በአማርኛ የምናውቀው የሚመስለን ቃል ነው። የማናውቀውን እንጠይቃለን፤ ያወቅነው የመሰለንን ግን ሳንጠይቅ እናልፈዋለን።

የሐሙሱ ክፍል ሙሴ በገዳም ስላያት ዕፅ ይናገራል። ዛሬ ገዳም ስንል የመነኮሳት መኖሪያ ይታሰበናል፤ በሙሴ ዘመን ግን መነኮሳት አልነበሩም። በግዕዝ ገዳም ማለት ምድረ በዳ፣ ሰው የማይኖርበት ዱር ነው። መነኮሳት ዓለምን ትተው ወደዚያ ስለ ወጡ የቦታው ስም ለመኖሪያቸው ስም ሆነ። ይህን ስናውቅ ምሥጢሩ ይበራልናል። በምድረ በዳ ያለ ቁጥቋጦ እሳት ቶሎ የሚበላው ነው፤ ያ ቁጥቋጦ ግን ነበልባሉን ተሸክሞ አልተቃጠለም። እመቤታችንም እሳተ መለኮትን በማኅፀኗ ተሸክማ አልተቃጠለችም።

በእሑዱ ክፍል መሶብ፣ ተቅዋምና ማዕጠንት የሚሉ ቃላት አሉ። መሶብ ሲባል የእንጀራው መሶብ ይታየናል፤ እዚያ የተነገረው ግን በዕብራውያን መልእክት 9፥4 እንደ ተጻፈው መና ያለበት የወርቅ ዕቃ ነው። መናው የጌታችን፣ ዕቃው የእመቤታችን ምሳሌ ነው። ተቅዋም ዛሬ ተቋም ከምንለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ሁለቱም «ቆመ» ከሚለው ይወጣሉ። ትርጉሙ ግን መብራት የሚቆምበት መቅረዝ ነው። ማዕጠንትም «ዐጠነ» ከሚለው የወጣ ሲሆን ካህኑ የሚያጥንበት ጽና ነው።

ፊደልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በግዕዝ «ሰአለ» ለመነ፣ «ሠዐለ» ደግሞ ሥዕል ሳለ ማለት ነው። መዝሙር ስንገለብጥ «ሰአሊ» የሚለውን «ሠዓሊ» ብለን ብንጽፍ፣ «ለምኚ» ማለታችን ቀርቶ ሥዕል የሚሥል ሰው እንጠራለን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ. ቃሉን በሥሩ እንፈልገው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ታትሞልናል። ፊደሉ የተደረደረው በአበገደ ተራ ስለሆነ አስቀድመን ተራውን እንልመድ።

2ኛ. የአንድምታውን ትርጓሜ እናንብብ። የመምህራኑ አማርኛ ቆየት ያለ ነውና በትዕግሥት እንከተለው። «አንድም» ሲሉ ሌላ ፍቺ መጀመራቸው ነው።

3ኛ. ያልገባንን ይዘን መሪጌቶቻችንን እንጠይቅ። መጠየቅ አያሳፍርም፤ ሳያውቁ ለሌላው ማስተማር ግን ያስጠይቃል።

ለሚመጣው እሑድ እያንዳንዳችን ከሰኞው ክፍል ሁለት ሁለት ቃል ከነፍቺው ይዘን እንምጣ። አምላካችን ማስተዋሉን ያድለን።