ባስልኤል፣ የኡሪ ልጅ፣ የሆር የልጅ ልጅ

የጥናት ንባብ፦ ዘጸአት 31፥1–11፤ 35፥30–35፤ 2ኛ ዜና መዋዕል 1፥5

በአሶሳ ዙሪያ ባለች አንዲት አጥቢያ የንዋያተ ቅድሳቱን መዝገብ ስንመለከት «የእንጨት መስቀል፤ ብዛት 1፤ ያገለገለ» የሚል መስመር አገኘን። መስቀሉን አስመጥተን አየነው። ከወይራ የተጠረበ፣ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ የእጅ መስቀል ነው። በክንፎቹ ላይ የተፈለፈለው ሐረግ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ በዓይን መከተል እንኳ ትዕግሥት ይጠይቃል። የአጥቢያው ቄስ እንደነገሩን የቀረጹት አያታቸው ናቸው፤ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ ወደ አሶሳ ሲሰፍሩ ከጥቂት ዕቃ ጋር ይዘውት መጡ። አባታቸውም ሙያውን ከአያታቸው ወርሰዋል፤ ዛሬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ መሮአቸውና ወስፌአቸው ግን አሁንም በቤታቸው አለ። ቄሱ ራሳቸው አልተማሩም። በመዝገቡ ላይ የአያትም የአባትም ስም የለም።

በዘጸአት መጽሐፍ የምናነበው ከዚህ የተለየ ነው። እግዚአብሔር ስለ ማደሪያው ድንኳን ሥራ ለሙሴ ሲናገር ሠራተኛውን በስሙ ጠራው፤ አባቱን፣ አያቱንና ነገዱንም አብሮ ገለጸ። ዕንቊ መቅረጽና እንጨት መጥረብ የእግዚአብሔር መንፈስ ስጦታ ሆኖ ተቈጠረለት። ከዳን ነገድ የሆነው የአሂሳሚክ ልጅ ኤልያብም አጋዡ ሆነ። ብዙዎቻችን ፈጥነን የምናልፈው ግን በምዕራፍ 35 ቊጥር 34 ያለውን ነው፤ ለሁለቱም ሌላውን የማስተማር ስጦታ በልባቸው ተሰጥቷቸዋል። እንግዲህ የእጅ ሙያ ያለ ደቀ መዝሙር ሲቀር ከስጦታው እኩሌታው ሳይሠራበት ቀረ ማለት ነው፤ ተማሪ ያላቀረበ ሰበካም ከዚህ ጉድለት ነጻ አይመስለንም። ብዙ ትውልድ ካለፈ በኋላ ንጉሥ ሰሎሞን ወደ ገባዖን ሲወጣ የባስልኤል የናስ መሠዊያ በዚያ ነበረ፤ ጸሐፊውም የሠሪውን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ጠቅሶታል።

በሀገራችን ታናናሽ ቅርጽ የሚሠሩ እጆች ምን ያህል እንደረቀቁ ለማወቅ በጎንደር ዘመን በአንገት ይንጠለጠሉ የነበሩትን ሥዕላት መመልከት ይበቃል። ከጣት ርዝመት ብዙም የማያልፍ እንጨት ይፈለፈላል፤ ክዳን ይበጅለታል፤ ክዳኑና ገበታው በቀጭን ክር ይያያዛሉ። አንዳንዶቹ በፊትም በኋላም ይከፈታሉ። በውጭ መስቀልና ሐረግ ይቀረጻል፣ በውስጥ ቅዱሳት ሥዕላት ይሣላሉ፤ ከላይ ማንጠልጠያው ከዚያው ከአንዱ እንጨት ተፈልፍሎ ይወጣል። ቀራፂው በዚያች ጠባብ ቦታ አንድ ጊዜ ከሳተ እንጨቱ ተበላሸ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የቈዩ የእንጨት ሥዕላትና መስቀሎች ይገኛሉ፤ የአብዛኞቹ ሠሪዎች ስም ግን አልተጻፈም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረውን ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንን በስሙ የምናውቀው በዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕል ላይ ስሙ ስለተጻፈ ነው።

ክልላችን ሰው የሚሰፍርበትና የሚዛወርበት ነው። አሶሳ የደረሱትን የወሎ ሰፋሪዎች አነሣን፤ በጉባ ደግሞ የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ውኃ ከሚተኛበት ስፍራ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። ሰው ሲነሣ ትንሿ መስቀል በጉያ ትገባለች፤ ሙያው ግን የሚቀበለው ሰው ካላገኘ በመንገድ ይቀራል። የሚያብረቀርቅ የወረቀት ሥዕል ሲገባ አሮጌው እንጨት «አረጀ» ተብሎ ለነጋዴ የሚሰጥበትም ጊዜ አለ፤ ይህን እያየን ዝም ማለታችን ያሳፍራል። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር እንዳይወጣ አዋጅ ቊጥር 209/1992 እንደሚከለክልም ኮሚቴዎች ሊያውቁት ይገባል።

ከላይ ያነሣናት አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ መዝገቡን እንዲህ አሻሽሏል፦ የቀራፂው ስም ከነአባቱ፣ የተወለደበት አገር፣ ያስተማረው፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ መጠኑ በሴንቲ ሜትር፣ ከፊትና ከኋላ የተነሣ ፎቶግራፍ። በመጨረሻ «ከእርሱ የተማረ» የሚል ዓምድ ጨምረዋል። ለዚህ ዓምድ ከአብነት ተማሪዎች ሁለቱን ወደ አዛውንቱ ለመላክ በሚቀጥለው ስብሰባ ሊወያዩ ቀጠሮ ይዘዋል፤ ዓምዱ ገና ባዶ ነው።