ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር፦ ርቀትንና ጊዜን ማስላት

ባለፈው የሒሳብ ትምህርታችን ማካፈልን ተምረናል። ዛሬ ደግሞ ሒሳብ ለመንገደኛ ምን እንደሚጠቅም እናያለን።

በማታው ክፍላችን የሚማሩ አንድ አባት የደረሰባቸውን እንዲህ ሲሉ ነገሩን። አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ሳሉ፣ ጎንደር ያሉት እናታቸው በጠና መታመማቸውን ሰሙ። ልጃቸው የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ ሰጣቸውና ወደ ሥራው ሄደ። ቲኬቱ 07:20 ይላል። እሳቸውም «7 ሰዓት ከ20 ነው» ብለው በ5 ሰዓት ጋቢያቸውን ደርበው ደረሱ። አውሮፕላኑ ግን ከጧቱ 1 ሰዓት ከ20 ተነሥቶ ጎንደር ካረፈ ቆይቷል። በማግስቱ በአውቶቡስ ሄዱ። የደረሱት እናታቸው ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ይህ እንዳይደርስብን ሦስት ነገር እንማር።

1ኛ. ርቀት። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና መንገድ 730 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአየር ግን 420 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለምን? መኪና ከጎሀ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል፤ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር በኩል አድርጎ ጣናን ይዞራል። አውሮፕላንን ገደልም ወንዝም አያግደውም፤ እንደ አሞራ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

2ኛ. ጊዜ። ርቀቱን ለፍጥነቱ እናካፍላለን። አውሮፕላኑ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ይበራል እንበል። 1 ሰዓት 60 ደቂቃ ነው።
600 ÷ 60 = 10። በየደቂቃው 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው።
420 ÷ 10 = 42 ደቂቃ።
ሲነሣና ሲያርፍ ዝግ ስለሚል ግን ጉዞው 1 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አውቶቡስስ? በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 730 ÷ 50 = 14 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ምሳና ዕረፍት አልተቆጠረም።

3ኛ. የቲኬት ሰዓት። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው። ቲኬት ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ይቆጥራል። ስለዚህ ከቲኬቱ ሰዓት ላይ 6 እንቀንስ። 07:20 ላይ 6 ሲቀነስ ከጧቱ 1:20 ይሆናል። 06:00 ንጋት 12 ሰዓት ነው። ቁጥሩ ከ6 ካነሰ 6 እንደምርለት፤ 05:00 ማለት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ቀንሰን ያገኘነው ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 እንቀንስለት፤ 20:00 ማለት ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው።

አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 2 ሰዓት ያህል ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። እኚያ አባት ከሌሊቱ 11:20 እዚያ መገኘት ነበረባቸው።

መልመጃ
ሀ. ቲኬቱ 15:30 ቢል በእኛ አቆጣጠር ስንት ሰዓት ነው?
ለ. 2 ሰዓት ቀድመን ለመገኘት በስንት ሰዓት እንድረስ?
ሐ. በረራው 1 ሰዓት ቢወስድ በስንት ሰዓት ጎንደር እንገባለን?

በቡድን ሆናችሁ ሥሩት። ጥያቄዎቹን ያወጡልን እኚያው አባት ናቸው።