ማሳሰቢያ፦ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቆላ ለምትወርዱ የአዲስ አበባ አማኑኤል ሰፈር ልጆች

ክረምት ገባ፣ ትምህርት ተዘጋ፣ ምዝገባው ተጀመረ። ከሰፈራችን ልጆች መካከል ዘንድሮ አፋር የሚደርሳችሁ አትጠፉም። ደግ አድርጋችኋል። ይህ የተጻፈው ግን ለምስጋና ሳይሆን ልትረዱት በሄዳችሁበት ሕዝብ ላይ ሸክም እንዳትሆኑ ነው። የታመመ በጎ ፈቃደኛ የጤና ጣቢያውን አልጋ፣ መድኃኒትና አምቡላንስ ከባለቤቱ ጋር ይሻማል።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልክ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወጥተዋል። ከዚያ ዘመን ዘማቾች በየሰፈሩ አንድ ሁለት አይጠፉም፤ ሳትነሱ ቡና አስፈልታችሁ ጠይቋቸው። ስለ ወባ የሚነግሯችሁ ብዙ ነው።

ሳትነሱ

አማኑኤል ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አፋር ውስጥ ያለችው ሰመራ 500 ሜትር እንኳ አትሞላም። በ600 ኪሎ ሜትር መንገድ ወደ 2,000 ሜትር ቁልቁል ትወርዳላችሁ ማለት ነው። በጤና ባለሙያዎች አቆጣጠር ከ2,000 ሜትር በታች ያለው የአገራችን መሬት የወባ አገር ነው። ከወባ ጋር ኖሮ ያላደገ ሰው ሲያዝ ደግሞ ቶሎ ይከብደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው በፈረንጆቹ 2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ግቡ፤ ወባን አስቀድሞ የሚከላከል መድኃኒት ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ከጓደኛ ፍሬ ተበድራችሁ አትዋጡ።

በአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ክትትል ያላችሁ ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። መድኃኒት እየወሰዱ ለበጎ ሥራ መውጣት ነውር የለውም፤ አደጋው መደበቁ ላይ ነው። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ውኃና ጨው ሲያንሰው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይጠራቀምና ይመርዘዋል። ምልክቱ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ፣ መንገዳገድ ነው። ክሎርፕሮማዚንና መሰሎቹ ሰውነት ሙቀቱን የሚያበርድበትን ሥርዓት ያውካሉ፤ ቆዳም በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋሉ። ከወባ መከላከያዎቹ አንዱ የሆነው ሜፍሎኪን ደግሞ የአእምሮ ሕመም ለነበረበት ሰው አይሰጥም። ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትውጡ፤ “እስክመለስ” ብላችሁም መድኃኒት አታቋርጡ። ለቡድን መሪያችሁ ንገሩት። አንተም ቡድን መሪ ሆነህ ይህን የሰማህ፣ ወሬውን አንተው ዘንድ አስቀረው። “አማኑኤል” የሚለውን ስም ለስድብ የሚያውል ሰው በመካከላችሁ ካለ ከመኪናው ይውረድ።

ዕቃን በተመለከተ የመርካቶን ልጅ ገበያ አላስተምርም። ሰፋ ያለ፣ እጅጌው ሙሉ የጥጥ ሸሚዝ ያዙ፤ ጠባብ ጂንስ ቤት ይቅር። ባርኔጣ፣ ሽርጥ፣ የእጅ ባትሪ፣ የራሳችሁ ጀሪካን፣ ኦአርኤስ፣ ውኃ ማከሚያው ውኃ አጋር አይረሱ። ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ ምናለሽ ተራ ወርዳችሁ በርካሽ ፈልጉ፣ ሰፈር ውስጥ እያደረጋችሁም ተላመዱት። በአፋር ሜዳ የተንሰራፋው የፕሮሶፒስ እሾህ ነጠላ ጫማ በስቶ እግር ይገባል። አጎበር ግዙ። “አይሸጥም” የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ በነጻ ሊታደል የመጣ አጎበር በገበያ ካያችሁ ግን አትግዙ፤ አንድ ቤተሰብ ያለ አጎበር እያደረ ነው።

ጥሬ ገንዘብም ያዙ። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር ሻይ አያጠጣም።

ጃኬትና ሹራብ ሰብስባችሁ አታስጭኑ። በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ሹራብ ማውረድ ጓዳን ማጽዳት እንጂ እርዳታ አይደለም። ምን እንደጎደለ አስቀድማችሁ የወረዳውን ጤና ወይም ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁ ደብተር ወይም ሳሙና ሊሆን ይችላል።

እዚያ ስትደርሱ

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በግማሽ ጉልበት ሥሩ። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ በመጀመሪያው ቀን ጉድጓድ እየቆፈረ የሚፎክር ጎረምሳ በሁለተኛው ቀን ጥላ ሥር ተኝቶ ጓደኞቹ ውኃ ያፈሱበታል። ከባዱን ሥራ ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ጨርሱ፣ ከዚያ እስከ 10 ሰዓት ጥላ ፈልጉ። አገሬውም እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ጥማት ሳትጠብቁ ጠጡ። ሽንታችሁ እንደ ጠላ ከጠቆረ ውኃ አንሷችኋል። የሚቃዥ፣ ንግግሩ የተምታታ፣ ገላው የሚፋጅ ሰው ካያችሁ ሙቀት መትቶታል፦ ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አላሉለት፣ ውኃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት፣ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ በአፉ አታፍስሱ።

“ከተማ ውስጥ ነው የምናድረው” ብላችሁ አጎበሩን አትናቁ። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው፣ በአገራችን መጀመሪያ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር የተገኘችው የወባ ትንኝ ከተማ ትወዳለች፤ በሮቶና በበርሜል ውኃ ውስጥ ትራባለች። ሰመራና ገዋኔም ተገኝታለች። ያደራችሁበት ግቢ ውስጥ ክፍት በርሜል ካለ ክደኑት፤ ይህም በጎ ፈቃድ ነው።

ጫማችሁን ጠዋት ሳታራግፉ አታጥልቁ። ጊንጥ አለ።

በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ድንኳን አትትከሉ። ዝናቡ ወሎ ደጋ ላይ ይዘንብና እናንተ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፉ ይደርሳል። አዋሽም በነሐሴ ከዳር ዳር ይሞላል፤ አዞ ስላለበት በሌላው ጊዜም ለዋና አይመከርም።

አፋር ሲገናኝ ዳጉ አለው፦ ከየት መጣህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ ተባብሎ ወሬ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም። የሰማውን አጣርቶ የማስተላለፍ ግዴታም አለበት። ሽማግሌ ቆሞ ሲጠይቃችሁ ሰዓት አትዩ፤ አስተርጓሚ ካላችሁ የምታውቁትን በእውነት ንገሩ። ያላረጋገጣችሁትን ወሬ አትጨምሩ፤ እስከ ማታ የት እንደሚደርስ አታውቁም። ወንዶች፣ ሴት እጇን ካልዘረጋች አትዘርጉ። የአፋር ወንድ በወገቡ የታጠቀውን ጊሌ የተባለ ጩቤ “እስቲ ልየው” ብላችሁ አትንኩ። የተቸገረን ሰው ልጅ አቅፋችሁ ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ፤ የእናንተ እናት በዚያ መልክ እንድትታይ አትፈቅዱም።

ሥጋ ላይ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልማድ የታወቀ ነው፦ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ክርስቲያን ከሆናችሁና ፍየል ሊያርዱላችሁ ካሰቡ፣ ከታረደ በኋላ ከማሳፈር አስቀድማችሁ በትሕትና ተናገሩ። ወተት ሲቀርብላችሁ ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ ሊያስይዝ ስለሚችል “ሆዴ አልለመደም” ብላችሁ በሻይ እንዲፈላ ጠይቁ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ የምትጾሙ ደግሞ በዚያ ሐሩር ውኃ ሳትቀምሱ እስከ 9 ሰዓት መሥራት አደገኛ መሆኑን አውቃችሁ ንስሐ አባታችሁን ከአዲስ አበባ ሳትወጡ አነጋግሩ። ጾመኛ መሆናችሁን ብትናገሩ አፋር አይከፋም፤ ጾም ምን እንደሆነ ያውቃል።

ነርስ ያልሆነ መርፌ አይውጋ። ያልሠለጠናችሁበትን ሥራ “እዚህ ማን ያያል” ብላችሁ አትሞክሩ።

ዕጣችሁ ወደ መተማ ወይም ቋራ ከሆነ ከወባ ሌላ ካላዛር አለ። አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝም ታንሳለች፤ ጥቁር አፈር ላይ በበቀለ ግራር ሥር ሌሊት አትተኙ።

ከተመለሳችሁ በኋላ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ትኩሳት ሲይዛችሁ እዚህ ክሊኒክ ብትሄዱ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ታይፎይድና ታይፈስ ነው፤ ወባ ለደጋ ሰው ትዝ አይለውም። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ዘግይቶ ከታከመ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሳል፤ መስከረም ላይ ደህና ገብታችሁ ለጥምቀት ሊጥላችሁ ይችላል። ስለዚህ ከመጣችሁ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከያዛችሁ ኪኒን ገዝታችሁ አትተኙ። በዚያው ቀን ሂዱና ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ “አፋር ነበርኩ፣ የወባ ምርመራ ይሠራልኝ” በሉ።