ዛፍንና ሰብልን ማፈራረቅ፦ የፋግታ ለኮማ ተሞክሮ ጥቅምና ተግዳሮት

ጥምር ደን እርሻ ዛፍን ከሰብል ወይም ከእንስሳት እርባታ ጋር በአንድ መሬት ላይ የማልማት ዘዴ ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ዋንዛንና ብሳናን በማሳ ውስጥ ማቆየት የቆየ ልማድ ነው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ በስፋት የተለመደው ግን ዛፍና ሰብል በአንድ ማሳ ላይ በየተራ የሚለሙበት ሥርዓት ነው።

በዚህ ሥርዓት አርሶ አደሩ መነሻው አውስትራሊያ የሆነውን የዲከረንስ ግራር ችግኝ በክረምት ይተክላል፤ በዚያው ማሳም ጤፍ ይዘራል። በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ፣ በሁለተኛው ለከብት መኖ የሚውል ሣር ያጭዳል። ከዚያ በኋላ ጥላው ስለሚበረታ ሰብል አይዘራም። ዛፉ ከ4 እስከ 5 ዓመት ሲሞላው ተቆርጦ እዚያው ይከሰላል፤ መሬቱም ዳግም ለጤፍ ይታረሳል።

ጥቅሙ ዘርፈ ብዙ ነው። ዛፉ በሥሩ አንጓዎች ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር በመተባበር የአየር ናይትሮጅንን ለአፈር ያበረክታል፤ የሚረግፈው ቅጠልም ብስባሽን ይጨምራል፤ ተዳፋት መሬትን ከጎርፍ ይጠብቃል። አሲዳማነት ምርቱን ባዳከመበት መሬት ላይ የከሰል ሽያጭ ለአርሶ አደሩ ገቢ፣ መሬት ለሌላቸው ወጣቶችም ሥራ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ዛፉ የአፈርን አሲዳማነት በራሱ ያስወግዳል ብሎ መደምደም አይቻልም። ግንዱ ተቆርጦ ሲወሰድ ካልሲየምና ማግኒዚየም አብረው ይወጣሉ፤ ትርፍ ናይትሬት በዝናብ ሲታጠብም አሲዳማነት ሊጨምር ይችላል። በተጨማሪም ማሳው ለዓመታት ከእህል ምርት ስለሚወጣ አነስተኛ ይዞታ ያለው ቤተሰብ ቀለቡን ከገበያ ለመሸመት ይገደዳል። በአፈር ተሸፍኖ የሚከናወነው ባህላዊ አከሳሰልም ብዙ እንጨት ያባክናል፤ ጭሱ ደግሞ ጤናን ይጎዳል።

ከሁሉም የከፋው ግን በአንድ ዝርያ ላይ መመሥረት ነው። በቅርብ ዓመታት በፈንገስ የሚመጣ የዋግ በሽታ የአካባቢውን የዲከረንስ ተክል በስፋት አጥቅቷል። ሰፊው መሬት በአንድ ዝርያ በመሸፈኑ ጉዳቱ በዛፉ ብቻ አልተወሰነም፤ ቤተሰቡ ዓመታት የጠበቀው ገቢም አብሮ ተናግቷል።

ስለዚህ የሥርዓቱ ውጤት በአንድ ዓመት ምርት ሳይሆን በሙሉ ዙሩ ሊመዘን ይገባል። ማሳን ከፋፍሎ በተለያየ ዓመት መትከል፣ ከዲከረንስ ጎን ዋንዛንና ትሪ ሉሰርንን ማልማት፣ አሲዳማነቱንም በኖራ ማከም አደጋውን ይቀንሳል። በሽታን የሚቋቋም የዘር ምንጭ መለየት ደግሞ ቀዳሚው የምርምር ሥራ ሊሆን ይገባል።